የኦቦ ቦጂያን ግድግዳ የበላች ሴት

ቡራዩ፣ አሸዋ ሜዳ፣ ከኦቦ ቦጂያ ተከራዮች መካከል የምትኖርበትን ቤት የምትበላ አንዲት ሴት ነበረች። አባባል አይደለም፤ በጥርሷ ነው የምትበላው። የወይንሐረግ ትባላለች። ከአልጋዋ ራስጌ፣ የባንክ ካላንደር ከተሰቀለበት ኋላ፣ ጭድ የተቀላቀለበት የጭቃ ምርጊት አለ። ካላንደሩን ገለጥ ታደርግና በጥፍሯ ፈልፍላ ፍርፋሪውን ምላሷ ላይ ጣል ታደርጋለች። ጭቃው ይሟሟል፤ ጭዱን ትተፋዋለች። ዝናብ የነካው ዕለትማ ሽታው ከመንገድ ነው የሚጠራት፤ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ በቀጥታ ወደ ካላንደሩ። ወራቱ ሲገለበጡ ጉድጓዱም አብሮ ሰፋ፤ መስከረም ላይ ሳንቲም ያክል የነበረው ጥር ላይ ሲኒ ያስቀምጣል።

ይህን ማንም አያውቅም። ባሏ ዮፍታሔ እንኳ አያውቅም፤ እሱ ካላንደሩን የሚያየው ኳስ የሚኖርበትን ቀን ለመቁጠር ነው።

የወይንሐረግ ካዛንቺስ ተወልዳ ያደገች፣ የቤት ኪራይ እየገፋ እየገፋ ከከተማው ጠርዝ ያደረሳት የሠላሳ ሦስት ዓመት ሴት ናት። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ሻይ ታፈላለች፤ ታድላለችም። መሥሪያ ቤቱ አምስት ፎቅ ነው። የአሳንሰሩ በር ላይ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ራሱ ብጫ ሆኖ፣ ጠርዙ ተቦጫጭቆ፣ በተራው ጥገና ይፈልጋል። ስለዚህ ሻዩ በሰው እግር ይወጣል። ትሪዋን ይዛ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ልቧ ጆሮዋ ውስጥ ይደልቃል፤ ሦስተኛው ላይ ጫማዋ የተፈታባት አስመስላ ታጎነብሳለች። ጫማዋ ማሰሪያ የለውም። ይህን ያስተዋለ አንድም ኃላፊ አልተገኘም፤ ሁሉም ያስተዋሉት የሻዩን መቀዝቀዝ ነው። አንደኛው፣ ሠራተኛውን በየስብሰባው «የለውጥ ሞተር» እያለ የሚያሞግሰው፣ «ወይንዬ፣ ዛሬም በረዶ አመጣሽልን?» ብሎ ይስቃል። ሞተሩ ነዳጅ ሊጨርስ እንደደረሰ ማን ይንገረው።

እሷ ራሷም ጠጪ ናት። ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ምሳ ሽሮ በልታ ሻይ፣ አሥር ሰዓት ላይ ባዶ ሻይ፤ ወፍራም፣ ጥቁር፣ ማንኪያ የሚያቆም። «ሻይ ባይኖር ወድቄ እቀር ነበር» ትላለች።

እግሯ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ቀን ሙሉ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ የዋለ እግር ማታ ማረፍ ነበረበት፤ የእሷ ግን አመሻሹ ላይ ነው አመፅ የሚጀምረው። ቁጭ ስትል ከጉልበቷ በታች የሆነ ነገር ይራወጣል። ሕመም አይባል፣ ማሳከክ አይባል፤ አጥንቷ ውስጥ ጉንዳን ሰልፍ የወጣ ይመስላል። ካልተንቀሳቀሰች አይለቃትም። ከመርካቶ አሸዋ ሜዳ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ፣ ሰው ለወንበር በሚቧቀስበት ሰዓት፣ እሷ ወንበር ታገኝና ጥቂት እንደተሄደ ትነሣለች። «ይቀመጡ፣ እማማ።» «ተቀመጥ፣ ወንድሜ።» ተሳፋሪው ይመርቃታል። እንዲህ ዓይነት ሰው አሁን የት ይገኛል ይላሉ። ከወንበሯ ይልቅ ጉንዳኗን ብታካፍላቸው ደስ ባላት። መንገዱን የሚመላለሱት ሁሉ አወቋት፤ ወንበር የፈለገ ሰው እሷ አጠገብ መቆም ለመደ። ሰፊው ሕዝብ ደግ ሰው ሲያገኝ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ወረፋ ይይዝበታል።

ቤት ስትገባ ደግሞ ከበር እስከ ውኃ ቧንቧው፣ ከቧንቧው እስከ በር።

«አንቺ ሴት፣ ግቢውን ልትገዢው ነው የምትለኪው?» ይላታል ዮፍታሔ።

«እግሬ ነው።»

«እግርሽ ምን ሆነ?»

«ምን እንደሆነማ ባውቅ እቀመጥ ነበር።»

ዮፍታሔ ሞባይል ጠጋኝ ነው። መርካቶ፣ የመስኮት ስፋት ባላት ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ የመጣለትን ስልክ በመዳፉ መዘን ያደርግና፣ ሳይከፍተው፣ «ባትሪው ሄዷል» ይላል። ይሰምርለታል። ሚስቱ ዓይኑ ሥር ስትነጣ፣ ጸጉሯ ማበጠሪያ ላይ ሲቀር፣ የከንፈሯ ማዕዘን ሲሰነጠቅ ግን «ጾሙ ነው ያከሳሽ» ብሎ ዘግቶታል።

ደሙንማ የሚያነሣውም የለም። በየወሩ ይመጣና ሳምንት አልፎ ይቀመጣል፤ ሞዴስ በሞዴስ ላይ፣ ከሥሩም ጨርቅ። ልጅ ሳለች ለእናቷ ብትነግራት እናቷ በኩራት «የእኛ ቤት ሴቶች ደማችን ብዙ ነው» አለቻት። እንደ ርስት ተቀበለችው። እየፈሰሰ የሚያልቅ ርስት መሆኑን የነገራት የለም።

ነገሩን ያወጣችው ድመት ናት።

ኦቦ ቦጂያ ቦታው እርሻ በነበረበት ዘመን ጤፍ ያመርቱ ነበር፤ ዛሬ ተከራይ ያመርታሉ። ቤቶቹን የመረጉት በገዛ እጃቸው ስለሆነ እያንዳንዱን ግድግዳ እንደ ልጅ ያውቁታል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የተበላሸ አምፖል ሊያዩ ገብተው ከአልጋው ሥር የተከማቸ ጭድ አዩ።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ፤ እንዴት አደርሽ፣ ልጄ። ይኼ ምንድን ነው?»

«አይጥ ይሆናል፣ ኦቦ» አለች። ፊቷ አልቀላም፤ የሚቀላበት ደም አልነበረውም።

«አይጥ ከሆነማ አዱሬ አለችኝ» ብለው ወጡና ድመታቸውን በብብታቸው ይዘው ተመለሱ። ድመቷ አልጋው ሥር ገባች፣ አሸተተች፣ ወጣችና ደጃፉ ላይ ፀሐይ ፈልጋ ተኛች። ሽማግሌው ትንሽ ጠበቁ።

«አይጥ የለም እያለች ነው» አሉ።

ከዚያ ካላንደሩን አነሡት። ጣታቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከተው የጥፍር ጭረቱን ዳሰሱ። ዘወር ብለው ጣቶቿን አዩ። ጥፍሯ መሃሉ ጎድጉዶ እንደ ማንኪያ ሆኗል፤ ሥሩ ጭቃ ይዟል።

«ይቺ አይጥ ቀለበት አላት» አሉና ካላንደሩን መልሰው ሰቀሉት። ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

ሌላውን ቃል ሁሉ ያወጣችው ራቢአ ናት። ራቢአ ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ ናት፤ ድመት ሲገባ አይታ ለምን እንደገባ ሳታውቅ መቅረት የማይሆንላት ሴት። በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም አየች።

«አፈር አማረሽ? አርግዘሻላ፣ አንቺ።»

«ኧረ ባለፈው ሳምንት እንኳ መጥቶብኝ...»

«በላዩ ላይ የሚፈሳት አለች። የአክስቴ ልጅ እንደዚያ ሆና ነው መንታ የወለደችው።»

ከሰዓት በኋላ የግቢው ሴቶች ልብስ ማጠቢያው አጠገብ ጠቅላላ ጉባኤ ተቀመጡ። አራት ዓመት ሙሉ ያልወለደችው የወይንሐረግ ማርገዟን ያለ ተቃውሞና ያለ ድምፀ ተዓቅቦ አጸደቁ። ማህፀኗ ለአስተያየት አልተጠየቀም። ማታ ዮፍታሔ ወሬውን ሰምቶ አንዴ ተቀመጠ፣ አንዴ ተነሣ፣ ከዚያ ተጂ ላሉት እናቱ ደወለ።

ሰኞ ጠዋት የወይንሐረግ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ጤና ጣቢያ ሄደች። ግማሽ ልቧ ወሬውን አምኖት ነበር። ሽንቷ ተመረመረ፤ የለም።

«እርጉዝ አይደለሽም» አለቻት ሲስተር ላሊሴ፣ ካርዱን ትታ ፊቷን እያየች። «ግን ቆዪ።» በአውራ ጣቷ የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ወደ ታች ሳበችው። ቀይ መሆን የነበረበት ነጥቷል። «ወር አበባሽ ይበዛል?»

«እንደ ሰው ነው።»

«የሰው ስንት ነው? ሞዴስ ስንት ጊዜ ነው የምትቀይሪው?»

ነገረቻት። ላሊሴ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ደረጃ ስትወጪስ?»

«ልቤ ይደልቃል።»

«ማታ እግርሽ አላስቀምጥ ይልሻል?»

የወይንሐረግ ቀና አለች። ከባሏ በቀር ስለ እግሯ ለማንም ተናግራ አታውቅም።

«በረዶ፣ ጥሬ ሩዝ፣ አፈር፣ እንደዚህ ያለ ነገር ያምርሻል?»

«ግድግዳ» አለች።

ላሊሴ አልሳቀችም። «እብደት አይደለም። ሰውነትሽ ብረት ጨርሷል። ደም ያለ ብረት አይሠራም፤ አንቺ በየወሩ የምታፈሺው ከምትበዪው በልጧል። አፈሩ ደግሞ አይተካልሽም፤ ያለችሽንም ይነጥቅሻል፣ ትላትል ይጨምርልሻል።» የደም ምርመራው ሰባት አለ። መሆን የነበረበት ከአሥራ ሁለት በላይ ነው። «ይኼ ከዚህ ከወረደ ሸክሙ ልብሽ ላይ ነው የሚያርፈው። እንደዋዛ እንዳታዪው። ክኒኑን በባዶ ሆድ፣ በውኃ፤ ሎሚ ጠብ ብታደርጊበት ጥሩ ነው። ሻይ፣ ቡና፣ ወተት አጠገቡ እንዳይደርስ። ሰገራሽ ይጠቁራል፣ አትደንግጪ። ሆድሽን ከረበሸሽ መጥተሽ ንገሪኝ እንጂ አታቁሚ። ደሙ ለምን እንደሚበዛ ደግሞ አልትራሳውንድ መታየት አለብሽ።»

የወይንሐረግ ራሷን ነቀነቀች። የሰማችው ግን «እርጉዝ አይደለሽም» የሚለውን ብቻ ነው። የቀረው ምክር በጆሮዋ አጠገብ አልፎ ግድግዳው ላይ ወዳለው ፖስተር ሄደ፤ ጉንጯ የሞላ አንዲት እናት ጎመን አቅፋ ወደምትስቅበት፣ ማንም ወደማያነበው።

ማታ ለዮፍታሔ ልትነግረው ቆርጣ ገባች። ቤቱ ውስጥ ግን እማማ ያለምወርቅ ተቀምጠዋል። የዮፍታሔ እናት ከተጂ በሰበታ አድርገው፣ መኪና እየቀያየሩ፣ ጥቅላቸውን ታቅፈው ደርሰዋል። አራት ዓመት ሙሉ እኚህ ሴት «የልጄ ሚስት» ከማለት በቀር ስሟን ጠርተው አያውቁም። አሁን ብድግ አሉላት።

«ልጄ፣ ነይ ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ጥቅሉን ፈቱት። በንጹሕ ጨርቅ የተቋጠረ፣ ከወንዝ ዳር የተጫረ፣ በፀሐይ የደረቀ ጥቁር አፈር ነው።

«የኪራይ ቤት ግድግዳ ምን ያደርግልሻል? ኖራ ይኑርበት ምን ይኑርበት አይታወቅ። ይኼ የእኛ ነው። ዮፍታሔን ስይዝ እኔም ከዚሁ ነው የበላሁት። ያማራት ካላገኘች ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል» አሉና ሰሃን ላይ አድርገው አቀረቡላት።

አፏ በምራቅ ሞላ። እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ አፈሩ ቀደመው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የወይንሐረግ በሽታዋን በይፋ፣ በሰሃን፣ በቤተሰብ ድጋፍ ትመገበው ጀመር። ካላንደሩ አረፈ። እማማ ያለምወርቅ ውኃ አትቅጂ፣ ልብስ አትጠቢ፣ አትጎንበሺ አሉ። የግቢው ሴቶች ሲያልፉ ሆዷን አይተው ፈገግ ይላሉ። ዮፍታሔ ሳይጠየቅ ሙዝ ገዝቶ ይገባል። በዕድሜዋ ሙሉ ማንም «ተቀመጪ» ብሏት አያውቅም ነበር፤ አሁን ሁሉም ተቀመጪ ይሏታል፣ እግሯ ነው እምቢ የሚለው። ነገ እነግራቸዋለሁ ትላለች። ነገ ሲመጣ እማማ ያለምወርቅ ገንፎ አገንፍተው ይጠብቃሉ፤ በገንፎ መሃል እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ይወራል? በመሃል የመጣውን ወር አበባ መሥሪያ ቤቱ መጸዳጃ ውስጥ እየታጠበች ደበቀችው። ሰውነቷ በየወሩ ያወጣውን የአቋም መግለጫ ራሷ እየሰበሰበች ታቃጥለዋለች ማለት ነው።

ክኒኑ የተያዘው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። እማማ ያለምወርቅ አልጋ ሲያነጥፉ አገኙት።

«ይኼ የምንድን ነው፣ ልጄ?»

«የደም ነው፣ እማማ። ጤና ጣቢያ ነው የሰጡኝ።»

ራቢአ በሩ ላይ ነበረች፤ ራቢአ ምንጊዜም በሩ ላይ ናት። «ኧረ እንዳታስውጧት። ልጁን ያወፍረዋል። አንዷን አውቃለሁ፣ ስትውጥ ስትውጥ ከርማ በኦፕሬሽን ነው የወጣላት።»

እናም ያልተፀነሰው ልጅ እንዳይወፍር ክኒኑ ታገደ። እማማ ያለምወርቅ በመቀነታቸው ቋጠሩት። የወይንሐረግ በዚያች ደቂቃ አንድ ዓረፍተ ነገር ብትናገር ይበቃ ነበር። አልተናገረችም። ቦርሳዋ ውስጥ አንድ ቅጠል ክኒን ቀርቷት ስለነበር እሱን ሥራ ቦታ ልትውጠው አሰበች፤ ሁለቱንም ወገን ያስደሰተች መሰላት።

በምን ትዋጠው? በእጇ ባለው። ቀኑን ሙሉ ሻይ ስትቀዳ የምትውል ሴት ውኃ ፍለጋ የት ትሄዳለች? ከምሳ በኋላ፣ በዚያ ማንኪያ በሚያቆመው ሻይ፣ ግጥም። ሻዩም ብረቱን ገና ሆዷ ውስጥ ሳለ ጠፍንጎ ይዞ ይወጣል። ከሕክምናው የደረሳት ማቅለሽለሹና የጠቆረው ሰገራ ብቻ ነው። ጥቁረቱን ስታይ ክኒኑ አንጀቷን ያቃጠለው መሰላት። «ለእኔ አይሆነኝም» ብላ ቅጠሉን ሳትጨርስ ተወችው። ላሊሴ የሰጠቻት ቀጠሮም አለፈ።

ከዚያ በኋላ ቁልቁል ነው። አንድ ቀን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደረጃው ከእግሯ ሥር ሸሸ፤ ትሪው ተንኳኩቶ እስከ ምድር ቤት ወረደ። ባለ «የለውጥ ሞተሩ» ኃላፊ በሩን ከፈት አድርጎ የተሰበረውን ብርጭቆ አየ፣ እሷን አየ። «ምን ታደርግ፣ እርጉዝ ናት እኮ» አለና በሩን ዘጋው። ወሬው ከአሸዋ ሜዳ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ሳይሆን በክንፍ ነው የገባው። የወይንሐረግ የብርጭቆውን ስብርባሪ ስትለቅም ሲስተሯ ያለቻት ነገር ትዝ አላት፤ ሸክሙ ልብሽ ላይ ነው የሚያርፈው። ያን ዕለት ማታ ለመናገር አፏን ከፈተች። እማማ ያለምወርቅ የሕፃን ኮፍያ እየሠሩ ነበር። አፏን ዘጋችው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። እማማ ያለምወርቅ ደጃፉ ላይ ጥጥ ይፈትላሉ፤ ራቢአ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች፤ ዮፍታሔ ስልኩ ላይ ኳስ ያያል። የወይንሐረግ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። ጉንዳኑ ጀመረ። ተነሣች። ከበር ወደ ቧንቧው ሁለት ሦስት እርምጃ ስትሄድ ግቢው ጠቆረባት፤ ኦቦ ቦጂያ ከኋላዋ ደርሰው ባይደግፏት ድንጋዩ ላይ ነበረች። በርጩማው ላይ የቀረውን ደም መጀመሪያ ያዩት እማማ ያለምወርቅ ናቸው። እንዝርቱ ከእጃቸው ወደቀ።

«ወረደ» አሉ። «ልጁ ወረደ።»

ኦቦ ቦጂያ መንገድ ወጥተው ባጃጅ አስቆሙ። ዮፍታሔ ከሾፌሩ አጠገብ ተጠግቶ ተቀመጠ፤ ኋላ የወይንሐረግ አማቷ ጉያ ውስጥ ተኛች። መንገዱ ጉድጓድ ነው። በየጉድጓዱ ልቧ ይዘላል።

«አይዞሽ፣ ልጄ» ይላሉ እማማ ያለምወርቅ፣ እንባቸው ግንባሯ ላይ እየወረደ። «እኔም የመጀመሪያው ወርዶብኛል። ቀጥሎ ነው ዮፍታሔ የመጣው። የእግዜር ሥራ ነው፣ ያንቺ ጥፋት የለበትም።»

እነሆ መውጫው በር ራሱ ተከፈተላት። መዋሸት እንኳ አያስፈልጋትም፤ ዝም ማለት ብቻ። ልጁ መጣ፣ ልጁ ሄደ። አልቃሹ ተዘጋጅቷል፣ አስተዛዛኙ ተሰልፏል፣ መካንነቷ ተሰርዞላታል። ከዚህ የተሻለ ሥልታዊ ማፈግፈግ የትኛውም ኮሚቴ ተሰብስቦ አይነድፍም።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ተረኛዋ ላሊሴ ሆነች።

«ሦስተኛ ወሯን ይዛ ነበር» አሉ እማማ ያለምወርቅ። «አሁን ወረደባት።»

ላሊሴ የወይንሐረግን አየቻት። አስታወሰቻት፤ ግድግዳ የምትበላ ሴት በየቀኑ አትመጣም። ግን የታማሚ ምስጢር ነውና ምንም አላለችም። ክንዷን ይዛ የልብ ምቷን ቆጠረች፤ ፊቷ ተኮሳተረ።

«እሷ ትንገረኝ። ውርጃ ከሆነ የምንሄድበት መንገድ ሌላ ነው፤ ወር አበባሽ ከሆነ ሌላ። የቱ እንደሆነ ካንቺ አፍ ካልሰማሁ ጊዜ እናባክናለን። አንቺ ደግሞ የምታባክኚው ጊዜ የለሽም።»

የወይንሐረግ ጣሪያውን አየች። በዚያ ሁሉ መሃል እግሯ ይራወጣል። አማቷ እጇን እንደያዙ ናቸው፤ አራት ዓመት ሙሉ ያልያዙት እጅ። ከተናገረች ይለቁታል። ካልተናገረች ደግሞ የሚለቃት ሌላ ነው።

«እርጉዝ አልነበርኩም» አለች። ከዚያ ዞር ብላ፣ «አልነበርኩም፣ እማማ። የመጡ ዕለት ልነግርዎ ነበር።»

እማማ ያለምወርቅ እጃቸውን ሰበሰቡ። የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሩት፣ ፈቱት፣ መልሰው ቋጠሩት።

«ታዲያ እኔ ምን ሳበላሽ ከረምኩ?»

«አፈር፣ እማማ።»

ውጭ ባጃጁ ሒሳቡን ፈልጎ ጥሩንባ ይነፋል። ዮፍታሔ ደፉ ላይ ቆሟል፤ ሁሉንም ሰምቷል፤ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጎል ገባ እያለ ይጮኻል። እማማ ያለምወርቅ መቀነታቸውን ፈቱ። የታገደውን ክኒን አወጡና አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጡት።

«ለልጁ ብዬ ነበር» አሉና ወጥተው ሄዱ።

የደሟ ቁጥር ከስድስት በታች ሆኖ ተገኘ። በአምቡላንስ ወደ ከተማ ሆስፒታል ወሰዷት። ደም ተሰጣት፤ ዮፍታሔ ምትክ ሰጠ፣ መርፌውን ሳያይ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። በአልትራሳውንዱ ማህፀኗ ውስጥ የተቀመጠ እጢ ታየ፤ የእናቷ «ብዙ ደም» ኩራት ምንጩም ይኸው ዓይነት እጢ ሳይሆን አይቀርም። ደሙን የሚቀንስ መድኃኒት ተሰጣት፣ ለእጢው ቀጠሮ ተያዘላት። አራት ዓመት እሷ ላይ ብቻ ተጭኖ ለኖረው የልጅ ጥያቄም ሐኪሙ እጢው ድርሻ ሊኖረው ይችላል አለ፤ ቀሪውን ለማወቅ ባልየውም ይመርመር ሲባል የዮፍታሔ ስልክ በድንገት ጠራ። ቢሆንም ሄዶ ተመረመረ፤ ይህንንማ አንቀማውም።

ክኒኑ ከመጀመሪያ ተጀመረ፤ አሁን በሥርዓቱ። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውኃና በሎሚ። የትላትሉ መድኃኒት ተዋጠ። ምስሩም ጎመኑም ሎሚ ይጨመቅበታል፣ በፍስክ ሥጋው አይቀርም፤ ሻይ ከምግብ ርቆ ብቻ። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሻይ አፍዪዋ ምሳዋን በውኃ ስትበላ ያዩ ሰዎች ሻዩ ውስጥ ምን ጨምራበት ይሆን ብለው ሁለት ቀን ተጨነቁ። ሲሻላት ክኒኑን ልትተወው ብላ ነበር፤ ላሊሴ ናት የከለከለቻት። «ደምሽ ቢሞላም የብረት ጎተራሽ ባዶ ነው። እሱ እስኪሞላ ወራት ይፈልጋል።»

እማማ ያለምወርቅ የተረፈውን አፈር ኦቦ ቦጂያ ጓሮ ደፍተው፣ ኮፍያውን ይዘው፣ ሳይሰናበቷት ተጂ ገብተው ነበር። ብዙ ቆይተው አንድ ቀን ደወሉ። እንዴት ነሽ የለም፣ ደህና ነሽ ወይ የለም።

«በምን ዋጥሽው?»

«በውኃ፣ እማማ።»

«ያ ሻይሽስ?»

«ሩቅ ነው።»

«አላምንሽም። አንዴ ዋሽተሽኛል። ራቢአን አቅርቢልኝ።»

ራቢአም ቀርባ መሰከረች። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ይደውላሉ፤ በየሳምንቱ ራቢአ ትመሰክራለች። ስለ ልጁ ውፍረት ስትቀሰቅስ የነበረችው ይህችው ራቢአ ዛሬ የግቢውን ሴት ሁሉ የዓይን ቆብ እየገለበጠች «አንቺ ነጥተሻል፣ ተመርመሪ» ትላለች። የድሮውን አቋሟን በተመለከተ የተሰጠ ሂስም ግለ ሂስም የለም። ግን ከገለበጠቻቸው ውስጥ አንዷ እውነትም ነጥታ ተገኝታለች፤ ዝም ብንላት ይሻላል።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ኦቦ ቦጂያ ግድግዳቸውን ሊመርጉ መጡ። ሱሪያቸውን ጠቅልለው ጭቃና ጭድ ረገጡ። የወይንሐረግ በሩ ላይ ቆማ አየች። እርጥብ ጭቃ፣ ከመንገድ ይጠራት የነበረው። ትንፋሿን ሳበች፣ ደግማ ሳበች። ጭቃ ጭቃ ሸተታት።

«እንዳትበዪብኝ፣ ኢንተላ ኮ» አሉ ሽማግሌው፣ ጉድጓዱን በመዳፋቸው እየደፈኑ።

«ይኼንንማ አዱሬም አትበላው።»

«እሷማ ድሮም አይጥ የለም ብላን ነበር» አሉ።

በዚያው ሰሞን አንድ ማታ፣ ከመርካቶ ስትመለስ፣ የወይንሐረግ በመስኮት በኩል ወንበር አገኘች። ተቀምጣ ጉንዳኑን ጠበቀችው። አውቶቡሱ ተነሣ፣ ቆመ፣ ተነሣ። ጉንዳኑ አልመጣም። የለመደ አንድ ሰውዬ አጠገቧ ቆሞ ቦርሳውን ወደ ትከሻዋ አስጠጋ። ጉሮሮውን ጠረገ። በመጨረሻ አላስችል አለው።

«ዛሬ አትነሺም እንዴ?»

«አልነሣም።»

ሰውዬው ጎኑ ወዳለው ተሳፋሪ ዞር አለ። «አየህ ሰው እንዴት እንደሚለወጥ» አለው። «ድሮ እንዲህ አልነበረችም።»

የወይንሐረግ ሰማችው። እግሯን ከወንበሩ ሥር አጣጥፋ፣ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ አሸዋ ሜዳ እስኪደርሱ ተቀመጠች።